ድንጋዩን ማን ያንሣው

ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ ሙሽሮቹ ገቡ። ስሙን ያወጣችው አንዲት ጠላ ሻጭ ናት። የመንግሥቱ የጭነት ድርጅት ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው አዲሶቹ የጭነት መኪናዎች በግንባራቸው ቀይ ጥብጣብ ታስሮላቸው፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን ከፊት እየጨፈረ፣ ተማሪው ግራ ቀኝ ተሰልፎ እያጨበጨበ ፍኖተ ሰላም ሲገቡ "ውይ፣ ሙሽራ መስለው!" አለች። በዚያው ቀረ።

እኔ ከማደያው ደጃፍ ሆኜ አየኋቸው። በዚህ ከተማ ነዳጅ የሚቀዳው ረዳ የሚባለው እኔ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ሁሉ ደጄን ሳይረግጥ አይሄድም። መኪና የለኝም፤ ግን በመኪና ያበድኩ ነኝ። ድምፁን ሰምቼ መኪናውን፣ የማርሽ አለዋወጡን ሰምቼ ሾፌሩን አውቃለሁ። አንድ ደንብ አለኝ፦ ሞተር ሳይጠፋ ነዳጅ አልቀዳም። ሹምም ቢሆን ያጠፋል። አንዱ "አላጠፋም" ብሎ በቁጣ ሄዶ፣ ጂጋ ሳይደርስ ነዳጅ ጨርሶ መኪናውን ሲያስገፋ ታይቷል። ይበለው።

ሙሽሮቹ ያምራሉ። ቀለማቸው ሰማያዊ፣ ጋቢናቸው ሰፊ፣ የጎማቸው ፀጉር እንኳ ገና አልረገፈም። የእህቴ የዙፋን ባል፣ ሾፌሩ ደረሰ፣ አንዱን ተረክቧል። እሱ ግን አሮጌ መኪናውን፣ ኤንትሬን፣ አልለቅም ብሎ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። "አንተ ደግሞ! ሙሽራ ተድሮልህ አሮጊቷን ታለቅሳለህ?" አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ገባበት።

ግንቦት 6

ደረሰ ሙሽራውን ይዞ ቡሬ ደርሶ መጣ። "እንዴት ነው?" ብለው "ዳገት ላይ ነፍስ ነው" አለኝ። ስለ ቁልቁለቱ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

እኔ ስለ መኪና የማምነው አንድ ነገር ነው። መኪና በመሄዱ አይመሰገንም። መሄድማ ድንጋይም ከገደል ይሄዳል። መኪና የሚመሰገነው በመቆሙ ነው። ኤንትሬን የምወደው ለዚህ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ጩኸታም ነው፣ ዳገት ላይ እንደ ወላድ ያምጣል፣ ግን ቁም ሲሉት ይቆማል። የወባ ማጥፊያዎቹ ላንድሮቨርም ጠባዩ እንዲሁ ነው። የመኪናዎቹ አቀባበል ዕለት ግን ስንት ሰው ተናገረ! ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ቶን፣ ስለ ወዳጅነት። ስለ ፍሬን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም አጨበጨብኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ግንቦት 13

የፈራሁት አልቀረም። ደረሰ እንደሚለው ፍሬኑ ይሰምጣል። ሲረግጡት መጀመሪያ ይይዛል፤ ጥቂት ቆይቶ ፔዳሉ እንደ ረግረግ ወደ ታች ይሄዳል። ከሥር ገብቼ አየሁት። የሚያፈስ ነገር የለም። ጎማዎቹ ደረቅ ናቸው። እንግዲህ ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው።

ለጋራዡ አለቃ ተናግሯል። መልሱ፦ "አዲስ መኪና አይታመምም።" ወይ ጉድ! አዲስ የተወለደ ሕፃን አይታመምም እንዴ?

እናደዳለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ሀብትነሽ ሸክላ ሠሪዋ ቅዳሜ ድስት ሸጣልህ ቢያፈስ በሳምንቱ እዚያው ቦታዋ ታገኛታለህ። ድስቱን ትሰጣታለህ፤ ትገለብጠዋለች፣ ታፍራለች፣ ሌላ ትሰጥሃለች። ካልሰጠችህ ገበያው ሁሉ ይሰማል። ይህን መኪና የሠራው ሰውዬ ግን የት ነው የሚቀመጠው? በየትኛው ቅዳሜ ነው የማገኘው? በድሮ ጊዜ እንኳ አዲስ አበባ አንድ ወኪል ነበር፤ ሰው ሄዶ ጠረጴዛውን ይደበድብ ነበር። አሁን ጠረጴዛውም ጠፋ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ጠዋት። ደረሰ ማዳበሪያ ጭኖ መጣ። ሞተሩን አጠፋ። የድርጅቱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ገብረ ሕይወት በፒካፑ ከኋላ ቆመ። ደረሰ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጓድ፣ ፍሬኑ እየሰመጠብኝ ነው። ባዶውን እንደ ምንም አቆመዋለሁ። ጭነት ይዤ ግን የቡሬን ቁልቁለት እፈራለሁ። ዛሬ ደግሞ ገበያ ነው።"

"ይህ መኪና የወዳጅ አገር ሥራ ነው" አለው ጓድ ገብረ ሕይወት። "ፍሬኑን የሚያማ ወዳጅነቱን ያማል። ዝናቡ ደርሷል፣ ገበሬው ማዳበሪያ ይጠብቃል። በትንሽ ማርሽ አስረህ ውረድ።"

"ኧረ ጓድ፣ አንድ ቀን ይታይልኝ..."

"ከፈራህ ቁልፉን ስጠኝ፤ የሚነዳ አመጣለሁ። ለምን እንደፈራህ የሚጠይቅህም አመጣለሁ።"

ደረሰ ቁልፉን አልሰጠም። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ነዳጁ እንዳይፈስ የመኪናውን ጋን እያየሁ ነበር። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ነው።

ከሰዓት በኋላ። የባሕር ዳር አውቶቡስ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ይጮኻሉ። ሙሽራ ሰው ገደለ። የት? ቡሬ መውጫ፣ ቁልቁለቱ ላይ። የትኛው ሙሽራ? ማዳበሪያ የጫነው።

ደረሰ ነው። እሱ ደኅና ነው። ታስሯል። አንዲት ሴት ሞታለች።

ለዙፋን የሚነግራት ጠፋ። እኔ ሄድኩ።

ግንቦት 19

ቡሬ ሄጄ ደረሰን አየሁት። ድምፁ ተዘግቷል። እንደነገረኝ ማርሽ አስሮ ነው የወረደው። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ፔዳሉን ሲረግጥ ወለሉ ድረስ ገባ። ጥሩምባውን እየነፋ መሪውን ወደ ዳገቱ፣ ወደ አፈሩ ግድግዳ አዞረ። ያን ባያደርግ ስንቱን በጨረሰ። በግድግዳው ጥግ ግን አንዲት ሴት የጨው ቋጠሮዋን ለማስተካከል ጎንበስ ብላ ነበር።

እናኑ ትባላለች። ከቡሬ አለፍ ብሎ ፈጣም ወንዝ አጠገብ የሚኖሩት የአቶ ገደፋው ልጅ ናት፤ የአገው ሰዎች ናቸው። ድንች ሸጣ ጨው ገዝታ ወደ እናቷ ትመለስ ነበር። ደረሰ በእቅፉ ይዟት እስከ ጤና ጣቢያ ሮጧል። ሸሚዙን አልቀየሩለትም።

"ረዳ፣ አንተ ሰምተሃል አይደል?" አለኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ግንቦት 22

የድርጅቱ መግለጫ በቀበሌ ስብሰባ ተነበበ። "በሾፌሩ የጥንቃቄ ጉድለት በተከሰተ አደጋ የአንድ እግረኛ ሕይወት ያለፈ ሲሆን በተሽከርካሪው ላይ ቀላል ጉዳት ደርሷል።" አንድ እግረኛ! የመኪናው የታርጋ ቁጥር ሙሉውን ተነበበ፤ የሷ ስም አልተነበበም። ለመብራቱ መሰበርም አዝነዋል።

ከስብሰባው በኋላ ከጋራዥ ሠራተኞቹ ጋር ተከራከርኩ። ፍሬኑን የሠራው ማነው? ፋብሪካው። ፋብሪካው የማነው? የወዳጅ አገር ሕዝብ። ማን ገዛው? ድርጅቱ። ድርጅቱ የማነው? የመንግሥት። መንግሥትስ? የሰፊው ሕዝብ። ሰፊው ሕዝብ ማነው? እኔና እናኑ! እንግዲህ በነሱ ሂሳብ ፍሬኑን ሠርተን፣ ገዝተን፣ ራሳችን ላይ ነድተን፣ ራሳችንን ገደልን ማለት ነው። የሁሉ የሆነ ነገር ሲያጠፋ የማንም ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ዳውላው ደረሰ ነው።

እንዲህ ስናገር አንዱ "ታዲያ ለኮሚቴው ንገራቸዋ" አለኝ። ሲጠሩኝ እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 25

ጠሩኝ። አጣሪ ኮሚቴ ነው። ከመካከል የተቀመጠው ራሱ ጓድ ገብረ ሕይወት ነው። ተከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ሻይ አቅራቢውም እሱ።

"የዚያን ጠዋት ሾፌሩ ስለ ፍሬን የተናገረው ነገር ነበር?" አለኝ። ዓይኑን ከኔ አልነቀለም። አጠገቡ የማላውቀው ከአውራጃው የመጣ ሰው ተቀምጧል። ብዕሩን ከፍቷል።

"ነዳጅ እየቀዳሁ ነበር" አልኩ። "ሞተሩ ይጮኻል። አልሰማሁም።"

ደግሞ ምን ልበል? ያ ሰውዬ ብዕሩን እንደ ጩቤ ነበር የያዘው። ወዳጅ አገርን አማ ተብሎ የተወሰደ ሰው ታሪክ እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው። ሁለተኛም የኔ ቃል ብቻውን ምን ይጠቅማል? ሦስተኛም ጊዜው አይደለም።

ግንቦት 26

ዙፋን ማደያው ድረስ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ባሏ ሳይሞት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷታል።

"ወንድምዓለም፣ 'ሞተሩ ይጮኻል' አልክ አሉ።"

የፓምፑን አፍ በጨርቅ ጠረግሁ።

"አንተ ሞተር ሳይጠፋ መቼ ቀድተህ ታውቃለህ?"

አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ እኔን ሲያይ ገና ሳልናገር ሞተሩን አጠፋ። ዙፋን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ምንም ሳትጨምር ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 3

ሽማግሌ ገባ። አለቃ ንብረት፣ በፍኖተ ሰላም ሽምግልና ያለ እሳቸው የማይጀመር፣ እኔ ዘንድ መጡ።

"ልጄ፣ ነገሩ ደም ነው። ሕጉ የራሱን ይሥራ፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን። የሟች ወገን ዘንድ እንሄዳለን። ደረሰ ታስሯል፤ ወንድሞቹ ያሉት ፈረስ ቤት ከተማ፣ ያውም ሁለቱ ዘምተዋል። ድንጋዩን የምትሸከምለት አንተ ነህ።"

የአገሩ ወግ ነው። ያጠፋ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበደለው ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው አይናገርም፣ አያወርድም። አንዴ ጫንቃ ላይ ከወጣ ከተበዳዩ በቀር ያን ድንጋይ የሚነካ የለም፤ የነካ ደሙን አነሣው ይባላል።

"አለቃ፣ ይህ ድንጋይ የደረሰ አይደለም" አልኳቸው።

"የማነው ታዲያ?"

"የድርጅቱ ነው!"

"ድርጅት ጫንቃ የለውም፣ ልጄ" አሉኝ። ይህ አነጋገር ቀኑን ሙሉ ያናድደኛል። ጫንቃ የለውም፤ ለማጨብጨብ ጊዜ ግን እጅ ነበረው።

ሰኔ 7

ጓድ ገብረ ሕይወት ለሽማግሌዎቹ ፒካፑን እንደሚሰጥ ቃል ገባ። ከተማው አመሰገነው። "ደግ ሰው እኮ ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ዛሬ ግን ሊቀዳ መጥቶ፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ድንጋዩን ከተሸከሙ ጥፋታቸውን አመኑ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ይቀለዋል፤ ለላይም የምንጽፈው ይዘጋል።"

ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ሁልጊዜ እንደሚጠፋው።

የሌሎቹ ሙሽሮች ሾፌሮች አሁን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ለኔ ይነግሩኛል፤ እኔ ለነሱ እነግራለሁ፤ ተያይዘን እንናደዳለን። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እናገራለሁ።

ሰኔ 8

ደጃፉ ድረስ ሄድኩ። እሑድ ነው፤ ኃላፊው የለም። ቢኖር ኖሮስ እንጃ።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

መሽቷል፤ ግን ልጻፍ።

በድርጅቱ ፒካፕ ሄድን። አለቃ ንብረት ከሾፌሩ ጎን፤ እኔ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የእርቁ በግ ከኋላ። ድንጋዩን ከአደጋው ቦታ አነሣነው፤ የሷ ደም የነካው አፈር ላይ ከነበረው ክምር። ፈጣም አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ዋርካ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ጫንቃዬ ላይ አደረጉልኝ። እኔ ወፍራም ሰው ነኝ፣ ጉልበትም አለኝ እላለሁ፤ ግን ያን ያህል የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር።

አቶ ገደፋው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደረቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ለሐዘን ተላጭተዋል። ሚስታቸው ወደኔ አላየችም። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ይነጋገራሉ፤ አልሰማም። ከዚያ የነሱ ወገን ሽማግሌ ተነሡ።

"እርቅ ሆድ ባዶ ይፈልጋል" አሉ። "ከናንተም ወገን ከእኛም ወገን በዚህ ደም ነገር ያወቀውን፣ የሰማውን የቋጠረ ቢኖር በሚካኤል ፊት ይፍታ። ቋጥሮ የታረቀ እንደሆነ እርቁ አይያዝለት፤ ዘሩ አይጽደቅለት።"

"አሜን" አለ ሰው።

ከነሱ ወገን አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ "ሾፌሩን ለመግደል ዝቼ ነበር፤ ፈትቻለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ከኛ ወገን የተነሣ የለም። ድንጋዩ አንገቴን ይጫነኛል። የሚሸከም አይናገርም፤ ወጉ ነው። ዝም ማለት ተፈቅዶልኝ ነበር! ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዬ በወግ የተፈቀደ ሆነ። ታዲያ የዚያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

"እኔ ቋጥሬያለሁ" አልኩ።

አለቃ ንብረት ደነገጡ። እኔ ግን ቀጠልኩ። ጠዋቱን፣ ደረሰ ኮፍያውን አውልቆ እንደለመነ፣ ጓድ ገብረ ሕይወት ያለውን ቃል በቃል ተናገርኩ። ኮሚቴው ጠይቆኝ ስለ ሞተሩ መዋሸቴንም ተናገርኩ። የኔ ድምፅ እንደዚያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ፒካፑን የነዳው የድርጅቱ ሾፌር ፊቱን ወደ ዋርካው አዞረ።

አቶ ገደፋው ከሚስታቸው ጋር በቋንቋቸው ተነጋገሩ። ከዚያ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"አንተ" አሉኝ፣ "ያ መኪና የሚዋጋ መሆኑን ሰውዬው እያወቀ ነው የሰደደው?"

"አዎን፣ አባቴ።"

"እኛ በሬ ስንሸጥ ተዋጊ ከሆነ ለገዢው እንናገራለን። ሳይናገር የሸጠ እንደሆነ የወጋው ሁሉ በሻጩ ነው። ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ የመጣ አይደለም።" እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። "አውርድ። ይህ ያንተም አይደለም፣ የአማችህም አይደለም። ባለቤቱ የት ነው ያለው?"

"ፍኖተ ሰላም።"

"በማን መኪና መጣችሁ?"

"በሱ።"

"እንግዲያስ በሱው ይመለስ" አሉና ድንጋዩን ራሳቸው ከጫንቃዬ አንሥተው ፒካፑ ላይ ጫኑት። ከጎኑም ተቀመጡ። በጉ ሳይታረድ ከኛ ጋር ተመለሰ።

ሰኔ 13

ጉድ ነው። አቶ ገደፋው ድንጋዩን አውርደው የድርጅቱ ግቢ በር መካከል አስቀምጠውታል። በሩ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ ሳይነሣ መኪና አይወጣም፣ አይገባም።

ጓድ ገብረ ሕይወት ጥበቃውን አያ ክንዱን "አንሣው!" አለው። አያ ክንዱ ኮፍያውን አወለቀ። "ጓድ፣ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ደም አላነሣም፤ የልጆች አባት ነኝ።" ወዛደሮቹን ጠራ፤ ወገባችንን ያመናል አሉ። ሚሊሻ አስመጣ፤ ሚሊሻው አይቶት "የጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጠኝ" አለ። ድንጋይ አንሣ የሚል ደብዳቤ ማን ይፈርማል? ሾፌሮቹ በላዩ ላይ ንዱ ሲባሉ የሞተሩን ዘይት ቋት፣ ካርተሩን፣ ይሰብራል ብለው ከጥላ ሥር ተቀመጡ። ይህ ሁሉ ስብሰባ፣ ይህ ሁሉ መፈክር ያልሠራውን ድንጋይ ሠራው።

አቶ ገደፋው እኔ ማደያ፣ ጣሪያው ሥር ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ በሩን ያያሉ። ባዶ የዘይት ሣጥን ገልብጬ ሰጠኋቸው።

ሰኔ 14

ዝናብ። ማዳበሪያው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሷል። ከደብረ ማርቆስ ስልክ ይደወላል። እኔንም የሚወስደኝ እጠብቃለሁ፤ ባለ ብዕሩ ሰውዬ በሩቁ ሲያልፍ ወደ ውስጥ እገባለሁ። እስካሁን አልመጣም።

አቶ ገደፋው ስለ መኪና ይጠይቁኛል። ፍሬን ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ እግር ሲረግጥ ዘይት እንደሚገፋ፣ ዘይቱ ጎማውን እንደሚያስይዝ።

"ይህን የሠራው ሰው ልጅ አለው?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አባቴ። ይኖረዋል።"

"መንገድ ላይ ትሄዳለቻ" አሉ። ከዚያ ስለ እናኑ ነገሩኝ። ገበያ ስትወርድ ታዜማለች። ድንች ስትመዝን ታበዛለች፤ እናቷ ትቆጣታለች። አልቅሼ አላውቅም ነበር፣ በዚህ ሁሉ ሳምንት። ዛሬ ፓምፑን ተደግፌ አለቀስኩ። እሳቸው እንዳላዩ ሆኑልኝ።

ሰኔ 16

ዛሬ ማለዳ ሾፌሮቹ ገና አልመጡም ነበር። ጭጋግ አለ። ጓድ ገብረ ሕይወት ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ከግቢው ወጣ። ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም ብሎ ነው። ጎንበስ አለና ድንጋዩን አቀፈው፤ አልቻለውም፤ እንደገና ታገለውና ወደ ደረቱ አነሣው። ወደ ቦዩ ሊጥለው ዞረ።

አቶ ገደፋው ከጎኔ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳይቸኩሉ መንገዱን ተሻገሩ። ጓድ ገብረ ሕይወት አያቸው። መጣል ይችል ነበር፤ አልጣለም። ምናልባት እሱም የዚህ አገር ልጅ ስለሆነ ነው። እናቱ የደጋ ዳሞት ሰው ናት ይላሉ። ድንጋዩን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ፤ አንገቱ በራሱ ጊዜ ተደፋ።

ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ቆሙ። "የማንን ደም ነው ያነሣኸው?" አሉት።

"የ... የእግረኛዋን።"

"ስም አላት።"

አያውቀውም። ስንት ጊዜ ፈርሞባታል፣ ስሟን አያውቀውም! አቶ ገደፋው ጠበቁት። አልረዱትም። የዚያን ጊዜ ዓይኑን አንሥቶ መንገዱን ተሻግሮ እኔን አየኝ፤ ያኔ ደረሰ እንዳየኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን ጋን የማይበት ምክንያት አልነበረኝም።

"እናኑ!" ብዬ ጮኽኩ። "እናኑ ገደፋው!"

አያ ክንዱ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ። የማዶዋ ጠጅ ሻጭ መስኮቷን ከፈተች። ለቤተ ክርስቲያን የወጡ ሴቶች ቆሙ።

"የእናኑን" አለ ጓድ ገብረ ሕይወት። ድምፁ ከኔ የዚያን ቀን ድምፅ ይልቅ ቀጭን ነበር።

አቶ ገደፋው ድንጋዩን ከእቅፉ ተቀበሉት። "እግዜር ይፍታህ" አሉ። "ዳኛው ዘንድ ሄጄ ድንጋዩን ከማን እጅ እንደተቀበልኩ እነግራቸዋለሁ። አንተም ትመጣለህ።" እሱ ራሱን ነቀነቀ። ወደኔም ዞረው "አንተም" አሉኝ።

ዛሬ አንድም ሙሽራ ነዳጅ ሊቀዳ አልመጣም። በሩ ክፍት ነበር።

ሰኔ 24

ዳኛው ፊት ተናገርኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር አልኩ። ጓድ ገብረ ሕይወትም የሆነውን አልካደም። ከወጣን በኋላ ሰላም አላለኝም፤ እኔም አልፈለግሁትም። ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጥተው የሙሽሮቹን ፔዳል ሁሉ ረገጡ። ሁሉም ይሰምጣል። ሪፖርታቸው "መጠነኛ የአሠራር ጉድለት" ይላል። መጠነኛ! ለፋብሪካውም ተጽፏል አሉ፤ መልስ አልመጣም። ቢመጣም በማላውቀው ቋንቋ ነው የሚመጣው። ሙሽሮቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ሣር ሊበቅልባቸው ነው፤ ማዳበሪያውን አሮጌዎቹ ኤንትሬዎች እያቃሰቱ ያመላልሳሉ።

ሐምሌ 5

ደረሰ ተፈታ። ዙፋን እልል አላለችም፤ ቡሬ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ እጁን ይዛ ቀረች። ለኔ ውኃ ሰጠችኝ፣ "ጠጣ ወንድምዓለም" አለችኝ። ከግንቦት ወዲህ ያለችኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

ደረሰ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ፈጣም ውሰደኝ አለኝ። መኪና ላስቁምልህ ብለው እምቢ አለ። ከቡሬ በእግራችን ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ፤ አለፍን።

በአቶ ገደፋው ደጃፍ ላይ ድንጋዩ ተቀምጧል። አጥሩ ሥር፣ ዝናብ አጥቦት። ደረሰ ሲያየው ቆመ። የሆነውን ሁሉ ነግሬው ነበር፤ ቢሆንም ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ከሥሩ ሰደደ። ላስቆመው አልቻልኩም።

አቶ ገደፋው ከቤት ወጡ። መጥተው እጃቸውን ጀርባው ላይ አደረጉ።

"ተወው ልጄ" አሉት። "እሱ ተነሥቷል።"